ጉም ውስጥ የተቀበለን ትንፋሽ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ የዜማ ተማሪ ከየአገሩ በሚመጣባት በቤተ ልሔም ገዳም አካባቢ፣ ጉም ውስጥ አንድ እርምጃ ልራመድ እግሬን ሳነሳ አንዲት ትንሽ እጅ ከኋላዬ ጃኬቴን ጎተተችኝ። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ላውራው።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የምሠራው መካነ ኢየሱስ ከተማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። ሰዉ ወገብ ብቻ የማሽ ይመስለዋል። አስም ያለባቸውን ልጆችም አተነፋፈስ አስተምራለሁ። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ሆድን መንፋት፣ ከንፈርን አሞጥሙጦ ቀስ አድርጎ ማውጣት... መድኃኒቱን አይተካም፤ ግን ልጁ ሲያፍነው እንዳይደናገጥ ይረዳዋል።

ከታካሚዎቼ አንዷ ትርንጎ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የኔታ እዚያው ቤተ ልሔም አጠገብ ዜማ ያስተምራሉ። ልምምዱን መጀመሪያ ሳሳያቸው ሳቁብኝ። «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተማርኸው? ይኼማ የእኛ ሥራ ነው!» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፣ ዜማ ያለ ትንፋሽ ምን ይሆናል። ቤታቸው ሲገቡ ልምምዱን ልክ እንደ ዜማ ትምህርት አደረጉት። እሳቸው «እምምም...» እያሉ ትንፋሻቸውን ያወጣሉ፣ ማለትም ይመራሉ። ሲጨርሱ ትርንጎ በተራዋ ትቀበላለች። መሪው ሳይጨርስ ተቀባይ አይጀምርም፣ ተቀባዩም ሳይጨርስ መሪው አይቀጥልም። ደንብ ነው።

ቅዳሜ ለዘመድ ልቅሶ ወርጄ ነበርና ስመለስ እግረ መንገዴን ልያት ብዬ ጎራ አልኩ። ቤታቸው ከገደሉ ብዙም አይርቅም። የቀረበልኝን ጠላ ገና ሳልቀምሰው ጉሙ ከገደሉ ወጣ። ዓይናችን እያየ አጥሩ ጠፋ።

እናቷ ከጓዳ ሮጣ መጣች። «ኧረ ልጄን! ልብስ ልትሰበስብ እንደወጣች ናት! ፓፏንም ትታው ነው የሄደች!»

ፓፍ የምንለው የሚነፋውን የአስም መድኃኒት ነው። ለትርንጎ ደግሞ ብርድና ጉም ደመኛ ጠላቶቿ ናቸው። ፓፉን ከእናቷ እጅ መንጭቄ ከየኔታ ጋር ወጣን።

ስሟን ልጣራ አፌን ስከፍት የኔታ ክንዴን ጨበጡኝ። «ተው! አቤት ለማለት ስትታገል ያለቻትን ትንፋሽ ትጨርሳለች። እኔ ልምራት፣ በቀስታ ትቀበለኛለች።»

ጎበዝ፣ አልኩ በልቤ። ቆም ብለው «እምምም...» አሉ። ጸጥ ብለን አዳመጥን።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከፊት ለፊታችን፣ ቀጭን ድምፅ ተቀበላቸው። «እምምምምም...»

«ተመስገን!» አሉ የኔታ፣ ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ። ወደ ድምፁ ሄድን። እንደገና መሩ። እንደገና ተቀበለ... ግን ራቅ ብሎ። «ምን ሆና ነው የምትርቀን?» አሉኝ። እኔ ደግሞ የባለሙያ ነገር፣ ትንፋሹን እየመዘንኩ ነው። ረጅም ነው፣ የተረጋጋ ነው፣ ሲር ሲር የሚል ነገር የለውም። የእኔ ልምምድ እንዲህ ነው የሚሠራው እያልኩ በራሴ ስኩራራ መሬቱ ወደ ታች ማዘንበሉን እንኳ ልብ አላልኩም።

ጃኬቴ የተጎተተው ይኼኔ ነው።

ዞር ስል... ትርንጎ! ልብሱን እንዳቀፈች ከኋላችን ቆማለች። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ከንፈሯ ደብዝዟል። ልትናገር ሞከረች፣ ድምፅ አልወጣትም።

እሷን እያየናት፣ ያ ድምፅ ከፊታችን፣ ማንም ሳይመራው፣ «እምምምምም...» አለ።

በስመ አብ! የኔታ አማተቡ። እኔ ወደ ኋላ ስል እግሬ ድንጋይ መታ፣ ድንጋዩም በፊታችን ቁልቁል ተንከባለለ... መሬት ሲነካ አልሰማሁም። ያኔ ነው የት እንደቆምን የገባኝ።

ፓፉን እዚያው ሰጠናትና አባቷ አቅፈዋት ወደ ቤት በረርን። ሞቅ ባለ ቦታ አስቀምጬ ደረቷን አዳመጥኩ፤ ትንፋሿ ቀስ በቀስ ተመለሰላት። እኔም ሰኞ ለሐኪም እንዲያሳዩዋት አደራ አልኩ።

መናገር ስትችል መጀመሪያ ያለችው ይኼን ነው። «አባባ፣ ማን ነው የተቀበለዎት? እኔኮ ድምፅ አልነበረኝም። ሲመሩ ሰምቼ ነው ወደ እርስዎ የመጣሁ።»

እኔ ፈጠን ብዬ «የገደል ማሚቶ ነው!» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

የኔታ ቀና ብለው አዩኝ። «ማሚቶ የሰጠኸውን ነው የሚመልስልህ፣ ልጄ። እኔ ደክሞኝ አጭር ነበር ያወጣሁት። ያኛው ረጅም ነው። ደግሞም እስክጨርስ ጠበቀኝ።»

ይኼን ትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።

እንድትረጋጋ ብዬ ልምምዱን እዚያው እንዲሠሩ ጠየቅኋቸው። ጉሙ አሁንም ደጃፉ ላይ ነው። የኔታ መሩ፣ ትርንጎ አሳምራ ተቀበለች። ፊቷ ወዝ ሲመለስበት ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አባቷ እንደገና ሊመሩ ሲሉ ግን እጇን አንስታ አስቆመቻቸው።

«ምን እየጠበቅሽ ነው ትርንጎ? ጨረስሽ እኮ!» አልኳት።

«እኔ ጨርሻለሁ ጋሼ... ያኛው ገና ነው።»

እኔ ምንም አልሰማሁም። የኔታ ግን ቀስ ብለው ተነሱና በሩን ዘጉት።

ዛሬም ሥራዬ ላይ ነኝ፤ ልጆችን «ትንፋሻችሁን እስከ መጨረሻው አውጡ» እላለሁ... እነሱ ሲጨርሱ ግን ጆሮዬ ቶሎ ብሎ መስኮቱ ጋ ይሄዳል።