ሁሉንም «አዎ» ያለው ሰው

የሥነ ልቦና መምህርቴ ሚስቶቻቸውን ደብድበው የታሰሩ ወንዶችን ባሕርይ በመጠይቅ ይመረምራሉ። አንድ ቀን፣ ማንበብ ለማይችሉት ጥያቄውን እንዳነብላቸው ወደ ማረሚያ ቤት ይዘውኝ ሄዱ።

ተራው የአንድ የይጁቤ ገበሬ ነበር። ሊፈታ ቀርቧል። ሚስቱ አምበር ከተማ፣ ወንድሟ ቤት ተጠግታለች። ሊያስታርቁ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች የመምህሬን አስተያየት ሰምተው ወደ ቤቷ ሊመልሷት በር ላይ ይጠብቃሉ። ገበሬውም ይህን ያውቃል፤ ተስማምቷል።

«በቀላሉ እቆጣለሁ» ብዬ አነበብኩ።

«አዎ፣ ኃጢአተኛ ነኝ።»

«ሰው ሁሉ ይጠላኛል።»

«አዎ፣ ሲያንሰኝ ነው።»

«ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማኛል።»

«አዎ። እሱንም ጻፊው፣ ልጄ።»

እንዲህ ያለ ጸጸት አይቼ ስለማላውቅ አንጀቴን በላው። መምህሬ ግን ፈገግ አሉ።

«ጋሼ፣ የንስሐ አባትዎ ፊት ያሉ መሰለዎት?»

«ታዲያ ልካድ?»

እውነትም በእኛ አገር ሰው ንስሐ ሲገባ ኃጢአቱን አይመርጥም፤ ያልሠራውንም ጨምሮ «በድያለሁ» ይላል። መምህሬ መጠይቁን አጣጠፉና በለሰለሰ ድምፅ ጠየቁት።

«ያን ቀን ጥፋቱ የማን ነበር?»

«የሷ ነዋ! አፍ አፌን ስትለኝ እጄ ዝም ይበል?»

ሁሉንም አዎ ብሎ ይህችን ብቻ አላመነም። መምህሬ አልተቆጡም፤ «ስለ ነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብለው ተነሡ። እኔ መቶ ጊዜ ባነብለት ይህን አላገኘውም ነበር።

በር ላይ ለሽማግሌዎቹ፣ ሰውዬው ለወረቀቱ ሁሉ «አዎ» እንዳለ ነግረው፣ «አሁን ትመለስ ግን አልልም» አሏቸው።

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁ። «ሁሉን አምኗል እየተባለ! ወረቀቱ ዋሸ ልትይን ነው?»

«ወረቀቱም እሳቸውም አልዋሹም፣ አባቴ። ትሑት ናቸው። ትሕትና ግን ዱላ አያስጥልም። ለመሆኑ እሷን ጠይቃችኋታል?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ወንድሟን ጠይቀናል።»

«እሷን፣ ብቻዋን።»

አጉረምርመው ሄዱ። በሳምንቱ ያው የሳቁት ሽማግሌ ደወሉ። መምህሬ ስልኩን እኔም እንድሰማው አደረጉት።

«ጠየቅናት። መጀመሪያ አለቀሰች። ኋላ ‹አልመለስም› አለች። እኛም አናስገድዳትም ብለናል።» ቀጥለውም፣ «እሱንስ ምን እናድርገው?» አሉ።

«ሲፈታ ወደ እኔ ይምጡ» አሉ መምህሬ። «ካቆምንበት እንጀምራለን።»