ስንዝር የማይሞላ አውሮፕላን

አባቴ ጅጅጋ እኔ ዘንድ ሲመጣ ይዞ የመጣው አንድ ሻንጣና የአውሮፕላን መካኒክነት ሙያ ነበር። ሻንጣው ጠቀመው። ሠራዊቱ ሲበተን ከደብረ ዘይት ተሰናብቶ፣ እኔ ለመንግሥት ሥራ በተመደብኩበት ከተማ የጄኔሬተር ጠጋኝ ሆነ። ጄኔሬተር አይበርም፤ ስለዚህ አያከብረውም ነበር። ይጠግነው ግን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ዓይኑ ይደክም ጀመር። ሐረር ወሰድኩት። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም ብዙ አይቆይም አለን። ስንመለስ እኔ መንገዱን ሁሉ ሳለቅስ፣ እሱ የሚኒባሱ የፊት ጎማ ድምፅ እንዳላማረው ለሾፌሩ ይነግረው ነበር።

በዚያው ሰሞን ከቶጎ ውጫሌ ሰልባጅ እያመጣች የምትሸጥ ሶማሌ ደንበኛው አንድ ሳጥን ይዛ መጣች። «አዴር» ነበር የምትለው፣ አጎቴ ለማለት። አውሮፕላን ስላየሁበት ያንተ ነው ብላ ሰጠችው። ሳጥኑ ላይ ቢጫ አውሮፕላን ተሥሏል፤ ውስጡ ያለው ፕላስቲክ የተሰበረ ማበጠሪያ ይመስላል። አባቴ ሥዕሉን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ አየና፣ በዓለም ጦርነት ጊዜ ነጮች አብራሪ ያስተማሩበት ማሰልጠኛ አውሮፕላን ነው፣ ከእውነተኛው ሰባ ሁለት ጊዜ አንሶ የሚገጣጠም ነው አለኝ። እሱም ጉልበቱን የጨረሰው ማሰልጠኛ ሲጠግን ነው። ዓይኔ ሳይጠፋ ሙሉውን አየዋለሁ አለ። ለራሱ ሌላ ነገር ሲመኝ ሰምቼው አላውቅም።

መጀመሪያ የሠራው አውሮፕላኑን አልነበረም። ካርቶን ቆርጦ ምላጩን፣ ወረንጦውን፣ ሞረዱን፣ መርፌውን አንድ በአንድ እያስቀመጠ ዙሪያቸውን በእርሳስ ሣለ። ዘጠኝ ዕቃ፣ ዘጠኝ ሥዕል። አየር ኃይል እነሱ ጋ ሥራ ሲያልቅ ዕቃው ሁሉ ሥዕሉ ላይ ይመለሳል። አንድ ከጎደለ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ እስኪገኝ ይፈታል። ውስጡ የተረሳች አንዲት ካቻቢቴ መሪውን ቀርቅራ ተማሪ ትገድላለች። ይህን ሲነግረኝ የቤት ኪራይ የሚያስረዳ ይመስል ነበር።

ከሳጥኑ ጋር የመጣው ማጣበቂያ በሙቀት ደርቆ ነበርና ከሱቅ ሱፐር ግሉ ገዛሁለት። የሱቁ ማጣበቂያ የአብራሪውን መስታወት ነጭ ጉም አለበሰው። አባቴ አየው አየውና ዛሬ በረራ የለም፣ አየሩ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ጄኔሬተሩ ሄደ። በማግስቱ በጨርቅ ሲያሸው ዋለ። ቢጫውን ቀለም ከታፔላ ጸሐፊ ለመንኩ። ሁለት ወር ፈጀ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ አልቆ ጠረጴዛው ላይ ቆሟል። ስንዝር አይሞላም፤ ግን ያምራል። ደስ ብሎኝ ሳልቀመጥ አባቴ ዕቃውን ቆጠረ። ስምንት። መርፌው የለም።

«ወስደሻል እንዴ?»

«ኧረ እኔ አልወሰድኩም» አልኩ፣ ሳላስብ።

በጉልበቱ ተንበርክኮ ወለሉን በእጁ ዳሰሰ፤ ምንጣፉን ሁለት ጊዜ። ተነሣ፣ ምላጩን አነሣ፣ የአውሮፕላኑን ሆድ በመጋጠሚያው መቅደድ ጀመረ። ፕላስቲክ ነው፣ አይበርም፣ ማንም አይሳፈርበትም፣ በዚህ ዓይንህ ደግመህ አትገጥመውም ብዬ ጮኽኩበት። እጁን አላቆመም።

«የሚሳፈረው ልጅ ይህን አያውቅም» አለ።

ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ውስጡ ባዶ ነው።

ስብርባሪውን ልለቅም ጎንበስ ስል ደረቴን ወጋኝ። ጠዋት የቀሚሴን ቁልፍ ተክዬ መርፌውን ከነክሩ እዚያው ሰክቼው ነው ቅዳሴ ያስቀደስኩት። መናገር ነበረብኝ፤ አፈርኩ። ክሩን መዝዤ፣ አገኘሁት፣ ምንጣፉ ሥር ነበር አልኩና ሰጠሁት።

አባቴ መርፌውን ሥዕሉ ላይ አስተኛው። ምንጣፉን ሁለት ጊዜ እንደዳሰሰው ነገረኝ። ምሳ ቀረበ። ጎመኑ ጨው እንደሚያንሰው ተናግሮ በላ። እኔ ጉርሻውን መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እኔ ጋ ነበር» አልኩት በመጨረሻ። «ደረቴ ላይ።»

«ጥሩ። እኛ ጋ የተናገረ ሰው አይቀጣም ነበር» አለ። እጁን ታጠበ። «እንግዲያው እኔም ልናገር። ከፋሲካ ወዲህ ግራ ዓይኔ አያይም። ቀኙም ዛሬ ጠዋት መርፌና ክብሪት አልለይልኝ ብሏል።»

ያንን አውሮፕላን በግማሽ ዓይኑ ነበር የሠራው። እሱ ሁለቱን ግማሾች አንሥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና አጣብቂው አለኝ። በመስኮቱ ብርሃን አጣበቅኩት። ጭራው ዞረብኝ፤ ለማቃናት ስሞክር ደረቀ።

ቀጥ ብሏል ልለው እችል ነበር። ከእንግዲህ የሚያጣራበት ዓይን አልነበረውም።

«ጠማማ ነው፣ አባዬ» አልኩት።

በአውራ ጣቱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዳሰሰው።

«እንኳን ነገርሽኝ» አለ።