የመርማሪው ጠረጴዛ

ሰቆጣ የታሰርኩበት ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ስገባ የጤፍ አቧራ ሸተተኝ፤ ሌላ ምንም አልተሰማኝም። የተያዝኩት አናጢነት ካስተማሩኝ ሽማግሌ ሥራ ቤት ነው። የሚፈለግብኝ አንድ ወረቀት ላይ መፈረም ነበር፤ ሽማግሌው ቤታቸው ድብቅ ስብሰባ ያደርጋሉ የሚል። አላደረጉም።

በሁለተኛው ሳምንት መርማሪው አስጠራኝ። ጠረጴዛው ሻካራ ነው፤ እስክሪብቶ ወረቀት ይቀድበታል። ብርጭቆ ወረቀት እንደ ቀበቶ የሚዞርበት የእጅ ማሽን ከየትም ይሁን ከየት አስመጥቶ፣ ጄኔሬተሩን አስነሣ።

«አለስልስልኝና ቤትህ ትገባለህ» አለኝ።

ጠረጴዛው ዋንዛ ነበር። ፊቱን በእርሳስ አሰመርኩበትና ማሽኑን በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ሳልጫን አስኬድኩት። መስመሩ ሁሉ እኩል ከጠፋ እንጨቱ እኩል ወርዷል ማለት ነው። እጄ ሥራውን ያውቃል፤ እኔ የለሁበትም ነበር።

ከሰዓት መርማሪው «እስቲ አምጣው» ብሎ ማሽኑን ተቀበለኝ። አንድ ቦታ ላይ ተጫነው። ሲያነሣው መዳፍ የሚያህል ጉድጓድ ወጣ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ከቆመ ይቆፍራል። አይጫኑት፤ የራሱ ክብደት ይበቃዋል።»

ያፈረ መሰለኝ፤ ማሽኑን መለሰልኝ። ጉድጓዱን ብቻ ቢነካኩት ይብሳል፤ ዙሪያውን ሁሉ ወደ እሱ ማውረድ ያስፈልጋል። በማግስቱ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። እንደተበላሸ ልተወው እችል ነበር። ግን ከሽማግሌው የተማርኩትን ሥራ አበላሽቶ መስጠት አልሆነልኝም።

ብናኙን ስጠርግለት መርማሪው መዳፉን ሰደደበት። «አቤት!» አለ። ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋበት።

«በል፣ ፈርም።»

እርሳሱን ከጆሮዬ ላይ አውርጄ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጥኩለት።

«ጠረጴዛው አልቋል» አልኩት። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም።»

ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ አብሮኝ የታሰረው የጋዝጊብላ ገበሬ «ዋንዛ ዋንዛ ትሸታለህ» አለኝ። ሌላ ሰባት ወር ተቀመጥኩ።

ስፈታ በቀጥታ የሄድኩት ሽማግሌው ጋ ነው። ምን ጠየቁህ አላሉኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

«ሥራ ሰጥተውህ ነበር አሉ።»

«አዎ አባቴ። ጠረጴዛ፤ በማሽን።»

«አልቆፈረብህም?»

«አልቆፈረብኝም።»

«ጎሽ» ብለው መላጊያውን አቀበሉኝ።

ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ሥራ ቤታቸውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን እስኪሞቱ ድረስ አላነሣሁባቸውም። እንደዚያ ዓይነት ማሽን አሁን እኔም አለኝ፤ ስሠራበት ብዙም የሚሰማኝ ነገር የለም። ጠረጴዛ ሠርቼ ሳስረክብ ደንበኛው ፊቱን በመዳፉ እስኪዳብሰው እጠብቃለሁ። የርክክቡን ወረቀት ግን ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ጉልበቴ ላይ ነው የምፈርመው።