አባቴ ያስነሳት ላንድሮቨር

ዛሬ መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የቀለምና የማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ መጣብኝ፤ አፍንጫዬን ይዤ አለፍኩ።

ልጅ ሆኜ ይህን ሽታ እወደው ነበር። አባቴ ግቢያችን ቆማ የዛገች ላንድሮቨር ሲያድስ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት የምፍቀው እኔ ነበርኩ። ጣቶቼ እስኪደሙ እፍቃለሁ። ካርቡራተሩን ለሥራ ሳዑዲ የሄደችው እናቴ በልብስ ጠቅልላ በሰው ላከችው። «ስትነሳ እናትሽን ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እናመጣባታለን» ይለኝ ነበር አባቴ።

አንድ ጠዋት ሰፈርተኛው ሁሉ ገፍቶ አስነሳት። ጋቢና ልወጣ ስሮጥ አጎቶቼ ኮፈኑ ላይ ሪባን ያስራሉ።

«እማዬ ልትመጣ ነው?» አልኩ።

አንዱ አጎቴ ሪባኑን አጠበቀ። አባቴ ሙሉ ልብስ ለብሶ ወጣ፤ ወግዲ ሄዶ አዲስ ሚስት ይዞባት መጣ።

መኪናዋ ስትገባ መንገዱ መሃል ቆሜ ነበርና ጎረቤታችን እትዬ ዘሃራ ጎትተው አወጡኝ። «ተይ ልጄ፣ ወላሂ፣ መኪና የነዳትን እንጂ የገፋትን አታውቅም» አሉኝ።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። «መኪናችን ተነሳች?»

«ተነሳች» አልኳት፤ ሌላ ምን ልበል?

እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ቤቱን ሞላው። ሙሽራዋ ቀና ብላ፣ «ማናት እንዲህ ደስ ያላት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እስካሁን አልመለስኩላትም።