የአባቴ ቀኝ እጅና ቫይታሚኑ

አባቴን ግማሽ ጎኑን የመታው ኩታበር፣ ማሳው ላይ እያለ ነው። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ከዱት። ጎረቤት «ጅን ነው» አለ። እኔ በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ማሽን ግራሶ የምቀባ ወዛደር ነበርኩ፤ ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ጋዜጣ እየተንተባተብኩ የማነብ፣ ያወቅሁ የመሰለኝ። ጅን የሚል ሰው ፊቴ እንዲቆም አልፈልግም ነበር። ተሸክመን ደሴ ሆስፒታል አስገባነው።

ሐኪሙ ከወዳጅ ሶሻሊስት አገር የተላከ ፈረንጅ ነው። ነርሷ አስተረጎመችልን።

«ደም ሲቋረጥ አንጎል ውስጥ እንደ ዝገት ያለ ነገር ይነሳል ይላል። ይኼ ቫይታሚን ዝገቱን ይከላከል ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለንም። እጁን ግን በየቀኑ እየዘረጋችሁ እያጠፋችሁ አለማምዱት ብሏል።»

ዝገት ስትል ገባኝ፤ የምውለው ከዝገት ጋር ነዋ። «እርግጠኛ አይደለንም» ያለችውን ጆሮዬ አልያዘውም። የእጁን ነገር ሰምቼ ናቅሁት። እኛ አገር የተጎዳ እጅ ወጌሻ ያስረዋል፣ የታሰረ አይነካም። እኔም ያንን ነበር የማውቀው።

አባቴ እዚያው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ታላቅ እህቴ ቤት ተኛ። እሷ ቅቤ ቀብታ ጣቶቹን ስትዘረጋ ደረስኩባት።

«ተይው፤ መድኃኒቱ ይርጋበት።»

«አለማምዱት ተብሏል እኮ።»

«እኔ ብልቃጡ ላይ ያለውን አንብቤዋለሁ።»

ወላሂ፣ ብልቃጡ ላይ ያለው የፈረንጅ ፊደል ነው። አንዷንም አላውቃትም።

«እሺ ጓድ አንባቢ» አለች፣ ቅቤውን ከደነች። «እንግዲያው አንተው ቁጭ ብለህ አስታመው።»

አልተቀመጥኩም። ደመወዝ በተቀበልኩ ቁጥር አንድ ብልቃጥ ይዤ ከኮምቦልቻ እወጣለሁ፣ አስረክቤ እወርዳለሁ። ብልቃጥ ማምጣት የሽማግሌ እጅ ይዞ ከመዋል ይቀላል።

አባቴ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከሰው ጋር ገበታ ቀርቦ በቀኙ መብላት። ሰው ፊት በግራው መብላት ሞት ነው ለሱ። እህቴ ከመጋረጃ ጀርባ ታጎርሰዋለች።

«አባዬ፣ አንቱ ብቻ አይንኩት፤ ቫይታሚኑ ይመልሰዋል» አልኩት።

አመነኝ። ለሚጠይቀው ሁሉ «ልጄ ማንበብ ለምዷል» ይላል፣ በተኮላተፈ አፉ። እጁን ጋቢ ውስጥ እንደ እንቁላል ይዞት ከረመ።

ለአረፋ ዘመድ ከኩታበር መጣ። ገበታው ቀረበ። አባቴ «መጋረጃውን ግለጡት፣ ጋቢውንም አንሱልኝ» አለ። ጣቶቹ መዳፉ ላይ ተጨብጠው ደርቀዋል። እህቴ ጣቶቹን ልታላቅቅ ሞከረች፣ አቃሰተ፣ ተወችው። እኔን አየችኝና ጉርሻ ጠቀለለችለት። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ዘመዶቻችን ሥጋ እየተጎራረሱ ሌላ ወሬ ጀመሩ፣ ያላዩ ለመምሰል።

ቫይታሚኑ ይሥራ አይሥራ ሐኪሙም አያውቅም ነበር፤ እስከ ዛሬም የሚነግረኝ አላገኘሁም። እጁን ማለማመዱን ግን ያስተውኩት እኔ ነኝ።

አባቴ ወደኔ ዞረ። «ይቺ ብልቃጥ ደከም ያለች ናት መሰለኝ። ጠንከር ያለ ካላቸው ጠይቅልኝ።»

«እሺ አባዬ።»

በማግስቱ መድኃኒት ቤት ሄጄ ያንኑ ገዛሁ።

«ጠንካራው ይኼ ነው» ብዬ ሰጠሁት።