ለቢጫው ጎቢ ጓደኛ ፍለጋ

ሥራ የገባሁ ቀን የተሰጠኝ ባልዲ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከአንድ ላውንደሪ አጠገብ የተሸጎጠች፣ ቤት ውስጥ ለጌጥ የሚቀመጥ ዓሣ የምትሸጥ ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ራሞን ይባላል፤ ፊሊፒናዊ ነው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። እኔ ደግሞ ጎበዝ ለመባል ባልዲውን በሳሙና ፈትጌ አቀረብኩለት። ወስዶ ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። ሳሙና የነካው ባልዲ ዓሣ እንደሚገድል የነገረኝ ሁለተኛውን ባልዲ ሲሰጠኝ ነው።

በዚያው ቀን ጨው መበጥበጥ ተማርኩ። የሱቁ ውኃ ከባሕር የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የቧንቧ ውኃ ተጣርቶ የባሕር ጨው ይበጠበጥበታል። ከዚያ አንዲት ጠብታ በጨው መለኪያ መሣሪያው መስታወት ላይ ጣል ታደርጉና ወደ መብራት ዞራችሁ ታያላችሁ። ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበት መስመር የጨውን ልክ ይነግራችኋል። የባሕር ልክ በአንድ ጠብታ! አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ራሞን ቀጥይ እስኪለኝ ድረስ።

ክላውንፊሽ የሚባለውን ብርቱካንማ ዓሣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ሁለት ትንንሾች አንድ ላይ ሲኖሩ ትልቁ ሴት ይሆናል። እሷ ስትሞት ደግሞ ባሏ በተራው ሴት ሆኖ ቤቱን ይረከባል። ራሞን ይህን ሲነግረኝ አላገጠብኝ ብዬ አኮረፍኩ። በኋላ በገዛ ዓይኔ ሳየው ሱቁ መሃል ቆሜ አማተብኩ።

ራሞን ዓሣ ከመሸጡ በፊት የሚጠይቀው ታንኩ፣ የመስታወት ገንዳው ማለት ነው፣ ስንት ጋሎን እንደሚይዝ ነው። ከዚያ የዓሣውን አፍ ያያል፤ አፉ ውስጥ የሚገባ ጎረቤት ለሱ ምሳው ነውና። የት እንደሚያድርም ይጠይቃል። ሁለቱም ዋሻ የሚወዱ ሆነው ዋሻው አንድ ከሆነ ጠብ አለ። ጠበኛውን ምንጊዜም መጨረሻ ያስገባል፤ ቀድሞ ከገባ ታንኩን በሙሉ ርስቴ ነው ይላል። ከሁሉም በላይ የጸናበት ሕግ ግን ይህ ነው፦ ጥንድ መሆናቸው ካልታወቀ በስተቀር፣ አንድ ዓይነት ሁለት ዓሣ ለትንሽ ታንክ አይሸጥም። እዚያ ውስጥ ዓሣ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው የራሱን መልክ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ከባልዲ ወደ ሽያጭ አደግሁ። ቫን ተሰጠኝና የሰው ቤት ታንክ መንከባከብ ጀመርኩ፤ ስፕሪንግፊልድ፣ በርክ፣ አሌክሳንድሪያ በሚባሉት የአካባቢው ከተሞች።

ጋሽ ተፈራን ያገኘኋቸው አሌክሳንድሪያ ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት ያልሞላቸው ሰው ናቸው። ልጃቸው ሃያ ጋሎን ታንክ ገዛችላቸው። እኔ አሸዋውንና ድንጋዩን ደርድሬ፣ ውኃው እስኪበስል፣ ለዓሣ እስኪስማማ፣ ሳምንታት ጠብቄ፣ አንድ ቢጫ ጎቢ አስገባሁ። ጎቢ ጣት የሚያህል ዓሣ ነው፤ ዓይኖቹ አናቱ ላይ ፈጠው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ መንገድ ያያል።

ጋሽ ተፈራ የምግብ ወንበራቸውን ወደ ታንኩ አዞሩ። ቀብሩ ካለፈ ወዲህ ምግብ ወደ አፋቸው እምብዛም አይደርስም ነበር ብላኛለች ልጃቸው። አሁን ግን ለጎቢው ምሳውን ይሰጡና እሳቸውም አብረው ይበላሉ። ይህን በስልክ ስትነግረኝ ሥራዬን በጣም ወደድኩት።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ተፈራ ሱቅ መጡ። ራሞን አልነበረም። ሌላ ቢጫ ጎቢ ያለበት መስታወት ፊት ረጅም ጊዜ ቆሙና ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ያ ፍጡር ብቻውን ነው የሚበላው። ብቻውን የሚበላ ማየት አልቻልኩም። ይህኛውን ስጪኝና አብረው ይብሉ።»

ሕጉን እንደ ስሜ አውቀዋለሁ። ግን አባቴን የሚያክል ሰው፣ ጸጉሩ ነጭ፣ ኮፍያውን አውልቆ እየለመነኝ እንዴት ብዬ አይሆንም ልበል? ይሉኝታ ያዘኝ። እውነቱን ለመናገር ለዓሣውም አዝኜለት ነበር። ፌስታል ውስጥ አድርጌ እስከ ቤታቸው ወሰድኩት። ውኃውን በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያደረግሁ አለማመድኩትና ለቀቅሁት። እንግዳ ያስገባሁ መስሎኝ ደስ እያለኝ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ኮል አደረጉልኝ። «ነይ» ብቻ ነው ያሉኝ።

አዲሱ ከድንጋዩ ሥር ሞቶ ተገኘ። የመጀመሪያው ክንፉ ተተልትሎ ጉድጓዱ ውስጥ ተወሽቋል፤ ምግብ አፍንጫው ሥር ቢወድቅም አይነካም። የጋሽ ተፈራ ምሳ ሰሃን ተከድኖበት ጠረጴዛው ላይ ነበር። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ይህኛውም ከሞተ ታንኩን ውሰጂልኝ፤ ባዶውን ማየት አልፈልግም» አሉኝ።

ለራሞን ስነግረው የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ሕጉን አታውቂም ወይ አለኝ፤ አውቃለሁ አልኩ። ታዲያ ምን ሆንሽ ሲለኝ ይሉኝታን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አቅቶኝ፣ ሽማግሌ ናቸው አልኩት። ወደ ጓዳ ገብቶ በኩባያ አንዲት ሽሪምፕ፣ ረጅም ጢምና ጥፍር ያላት ትንሽ የባሕር ፍጥረት፣ ይዞ መጣ።

ያቺ ሽሪምፕ በደንብ አታይም፤ ቁፋሮ ግን ተክናበታለች። ጎቢው ደግሞ ዓይኑ ስለታም ነው፣ የሷን ያህል ግን ቤት መሥራት አይችልም። ራሞን ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም። ጉድጓዱ አጠገብ ልቀቂያት፣ ከዚያ እጅሽን ሰብስቢ አለኝ።

እንዳለኝ አደረግሁ። በማግሥቱ ብሄድ ምንም የለም። ጋሽ ተፈራም ሻይ ብቻ ነበር የጠጡት። ከዚያም በኋላ ያሉት ቀናት እንዲሁ አለፉ። ቫኑን ባቆምኩ ቁጥር ታንኩን ተሸክሜ የምወጣበት ቀን ዛሬ ነው እል ነበር።

በአምስተኛው ቀን ወንበር ስበን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ድንገት ቷ የሚል ድምፅ ሰማን። ጋሽ ተፈራ መስታወቱ የተሰነጠቀ መስሏቸው ብድግ አሉ። ሽሪምፗ ናት፤ ጥፍሯን ስታጮኸው እንዲያ ነው። ከዚያ ከጉድጓዱ አሸዋ እየገፋች ብቅ አለች፤ ደፋችና ተመለሰች፣ ደግሞ ገፋች። ቀጥሎ ቢጫ ራስ ወጣ። ክንፉ ገና እንደተተለተለ ነው። ረጅሙ የሽሪምፗ ጢም ጀርባው ላይ ተጋድሟል።

በመስኮቱ የአንድ መኪና ጥላ አለፈ። ጎቢው ጭራውን ነቅነቅ ሲያደርግ ሽሪምፗ ወደ ውስጥ ጥልቅ አለች። ጥላው ሲያልፍ ተመልሳ ወጣች፤ መጀመሪያ ያደረገችው ጢሟን ዘርግታ እሱን መንካት ነው። አንድም ቀን ተያይተው አያውቁም እኮ! አንዱ ከሱቁ መስታወት፣ አንዷ ከጓዳው ታንክ የመጡ ናቸው። ማን አስተማራቸው? ጋሽ ተፈራ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው «የሱ ሥራ» አሉ።

በቀጭን መምጠጫ ትንሽ ምግብ ጉድጓዱ አፍ ላይ ጣልኩ። ጎቢው ላፍ አደረገው። የተረፈውን ሽሪምፗ ለቅማ ይዛ ገባች። ጋሽ ተፈራ ተነሥተው የተከደነውን ሰሃን አመጡና ለኔም አካፈሉኝ።

እየበላን ነገሩን አወጣሁት። «ጋሼ፣ ሁለተኛውን ስሰጥዎት እንደሚጣሉ አውቅ ነበር። ይሉኝታ ይዞኝ ነው።»

ዓይናቸውን ከታንኩ ላይ አላነሡም። «ሁለት አብረው አይኖሩም ተብሎ ሱቁ መስታወት ላይ ተጽፎ ነበር እኮ፤ አንብቤዋለሁ። እኔ ራሴን መከልከል ቢያቅተኝ፣ አንቺ አይሆንም ትይኛለሽ ብዬ ነው የጠየቅሁሽ።»

የያዝኩትን ጉርሻ ሰሃኑ ላይ መለስኩት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ አባት፣ ብዙ እናት «አንዱን ጨምሪልኝ» ብለውኛል። ወንበር እሰጣለሁ፣ ውኃ እሰጣለሁ፣ አይሆንም እላለሁ። አይሆንም ማለት ያልቻለ ሰው ዓሣ መሸጥ የለበትም።