አርቪዬና ያልተከራከሩኝ ገዢ

ቅዳሜ ንጋት፣ አውሮራ፣ አሜሪካ

ፀሐይ ሳትወጣ ተነሳሁ። አልጋና ምድጃ ያለውን ትልቁን መኪናዬን፣ አርቪዬን፣ ኪራይ ከምከፍልበት ማቆሚያ ላወጣው ነው። ከከተማው ማዶ ሊትልተን ለሚኖሩ ሴትዮ አሳይቼ፣ ከወደዱት ሸጬ እመለሳለሁ። ባለቤቴ ሰሚራን ጉልበቷ የአርቪውን ደረጃ መውጣት ከከለከላት ሁለት በጋ አለፈ። “ይዘኸው እንዳትመለስ” ብላኛለች።

ገዢዋ እትዬ በላይነሽ ይባላሉ። በአካል አልተያየንም። በረመዳን ደውለው ዋጋ ሲጠይቁኝ ሃያ ስድስት ሺህ ዶላር አልኩ። ሐሳቤ ሃያ ሁለት ነበር፤ አራቱ የመከራከሪያ ነው። “ኧረ ቀንስ እንጂ!” የሚለውን ስጠብቅ “እሺ ወንድሜ” ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ ደህና እንቅልፍ የለኝም። መርካቶ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ እሺታ አያውቅም። ገንዘብ ባይኖራቸውስ? ወይስ አርቪው እኔ ያልደረስኩበት ዋጋ አለው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የማቆሚያው ጠባቂ በሩን ሲከፍትልኝ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። ምን ሊያይ?

ጠዋት፣ ኮልፋክስ ጎዳና

ቤንዚን እየሞላሁ ነው። ኮፍያ ያደረገች አሜሪካዊት አርቪውን ፎቶ ታነሳለች። ምን ፈልጋ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ ለባሏ ልታሳየው እንደሆነ ነገረችኝ። አላመንኳትም። ታርጋው እንዳይታይ ፊት ለፊቱ ቆሜ ሞልቼ ጨረስኩ።

ረፋድ፣ ፓርክ ሂል

ጋሽ ተስፋይ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ አርቪውን ላሳያቸው እቤታቸው ጎራ አልኩ።

“እስቲ ደህና አድርገው ይዩልኝ” አልኳቸው። “ሰው ሳይከራከር የሚገዛው ምን ቢኖረው ነው?”

ሞተሩን አስነስተው አዳመጡ፣ ከስር ገብተው ወጡ። “ምንም የለውም። አሮጌ መኪና ነው። ፍሬኑ ግን ጥሩ ነው።”

ከዚያ ወደ ውስጥ ገቡና አልጋው ጋ ቆሙ።

“ይሄን ቀለም መቼ ቀባኸው?”

“ባለፈው ሳምንት።”

“ለምን?”

“እንዲያምር ነዋ፣ ጋሽዬ።”

በጣታቸው ጫን ሲያደርጉት ጣሪያው ገባ አለ። ክረምት ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃ አስገብቶ ቡናማ እድፍ ጥሎበት ነበር። አሠራዋለሁ እያልኩ ሳላሠራ በነጭ ቀለም ሸፈንኩት።

“ከድር፣ ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል አልሰማህም?” ብለው ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ተናደድኩ። አሮጌ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይቀባል፤ ገዢም ዓይን አለው።

ከእኩለ ቀን በፊት፣ ሊትልተን

እትዬ በላይነሽ በር ላይ ጠበቁኝ። ነጭ ሹራብ፣ የቤት ጫማ፣ ክንዳቸው ስር ትራስ። ትራስ ለምን ያዙ? ሞተሩንም ጎማውንም አላዩም። ቀጥ ብለው ገብተው ትራሱን አልጋው ላይ፣ ልክ ከቀለሙ ስር አስቀመጡት።

“ልጄ ወልዳለች፤ ቤቷ ጠባብ ነው” አሉ። “እዚህ ግቢዋ ውስጥ ፓርክ አድርጌው እተኛበታለሁ። ቀን ቀን ሕፃኑን እይዛለሁ። በል ባንኩ ሳይዘጋ እንሂድ።”

አላስቻለኝም። “እትዬ፣ ለምንድነው ያልተከራከሩኝ?”

ገረማቸው። “ስደውልልህ ለማፍጠር አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል አላልከኝም? ደሴ ሳለን አባቴ ጾም ከያዘ ነጋዴ ጋር አይከራከርም ነበር። ጾመኛ ዋጋ አይቆልልም ይለን ነበር። እኔም አልከራከርም።”

ፊቴ ጋለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሌባ ስፈልግባቸው የከረምኩት ሴትዮ እኒህ ናቸው። ዝም ብል በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ያልቅ ነበር። ቦርሳቸውን አንስተው ወደ በሩ ሄዱ። ትራሳቸው ግን እዚያው ነበር።

“ይቆዩ እትዬ። ከአልጋው በላይ ያለው ጣሪያ ያፈሳል። እድፉን ቀለም ቀብቼበታለሁ። ዋጋውም ላይ አራት ሺህ ጨምሬ ነበር።”

“ጾም ይዘህ?”

“ጾም ይዤ።”

ተመልሰው ትራሱን አነሱ፤ ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ።

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

ልጃቸውን ባትሪ አስመጡና አንድ በአንድ ፈተሹ፤ ቁም ሳጥኑን፣ ቧንቧውን፣ የምድጃውን ጀርባ፣ ምንጣፉን ገልጠው ከስሩ ያለውን ሁሉ። እኔ እንደ ተከሳሽ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከዚያ ክርክሩ ተጀመረ፤ አይ እሳቸው ሲከራከሩ! ጣሪያው የሚሠራበት ተቀንሶ በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ተስማማን።

“ፍሬኑ አዲስ ነው፤ አምና ነው ያስቀየርኩት” አልኳቸው። ይህ እውነት ነው። ተጠራጥረው ሲያዩኝ ጊዜ “ወላሂ!” ብዬ ጨመርኩ።

“አትማል፣ ወንድሜ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ጻፈውና ፈርምልኝ።”

ልጃቸው ወረቀት ሰጠችኝ። ጽፌ ፈረምኩ። ደጋግመው አነበቡት፤ አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ከዚያ ወደ ባንኩ ሄድን።

ከሰዓት፣ አውሮራ

በባቡርና በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሰሚራ በሩን ከፍታ ከኋላዬ መንገዱን ተመለከተች። አርቪው አለመኖሩን ስታይ “አልሐምዱሊላህ!” አለች።

“ሴትዮዋስ እንዴት ናቸው?”

“ጥሩ ሰው ናቸው።”

“እንዳንተ ተጠራጣሪ ናቸው እንዴ? ሦስት ሳምንት ሙሉ እየጠረጠርካቸው ስታስፈራራኝ ነበር እኮ።”

“አልነበሩም” አልኳት። “ዛሬ ከእኔ ተማሩ።”